ሁለተኛው ቀጠሮ

«ለዳናይትማ ቀጠሮ ምን ያደርግላታል? ሲመጡ እሺ በላቸውና እንገላገል።»

ይህን የተናገሩት ወይዘሮ አይናዲስ ናቸው፤ የተናገሩትም ቅዳሜ ጠዋት፣ እሪ በከንቱ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ለባለቤታቸው ለአቶ እሸቴ ነው። ዳናይት ከመጋረጃው ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል አጎንብሳ የጫማዋን ክር ታስር ነበርና ቃሉን አንድም ሳይቀር ሰማችው። አቶ እሸቴ የሰጡትን መልስ ግን አልሰማችም፤ መልስ ሰጥተው እንደሆነም ያጠራጥራል። ሰውየው ከሚስታቸው ጋር ያልተስማሙበት ነገር ሲያጋጥማቸው ጋዜጣቸውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ የመክተት ልማድ ነበራቸው፤ የዚያን ዕለትም ከመጋረጃው ወዲያ የተሰማው የወረቀት መታጠፍ ድምፅ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ ዳናይትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በዚህ ጉዳይ የአገሩ ወግ ግልጽ ነው፤ የተከበረች ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ አትሰጥም። ሽማግሌዎች መጥተው፣ ቆመው፣ ጉዳያቸውን ይናገራሉ፤ ወላጆች ሰምተው «ከቤተ ዘመድ ጋር እንመካከርበት» ይላሉ፤ ቀን ይቀጠራል፤ ሽማግሌዎቹም በተቀጠረው ቀን ይመለሳሉ። ይህ ማመላለስ ለማያውቀው ሰው ትዕቢት ይመስለዋል። ለሚያውቀው ግን ልጅቷ ከቤቱ ስትወጣ የምታጎድለው ነገር እንዳለ የሚነገርበት መንገድ ነው፤ በቃል ቢነገር ልመና ወይም ጉራ ስለሚሆን በቀጠሮ ይነገራል። የሁለቱ ባልና ሚስት የአብራክ ልጅ የሆነችው ኤዶም ስትጠየቅ ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ወይዘሮ አይናዲስ ይህን ነገር ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይናገሩ ቀርተው አያውቁም። «ሦስት ጊዜ ነው ያመላለስናቸው! ልጄን እንደ ተራ ዕቃ አላወጣኋትም» ይላሉ።

ዳናይት የአብራክ ልጃቸው አይደለችም። እናቷ ከግቢው ኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ እናቲቱ ስትሞት ሕፃኗ ከኋላው ክፍል ወደ ዋናው ቤት ተሻገረች። እናቷ ትጠራቸው እንደነበረው ሁሉ «ጋሼ» እና «እትዬ» እያለች መጥራቷን ቀጠለች፤ ያረማትም ሰው አልነበረም። ኤዶም የበላችውን በልታለች፤ ኤዶም በተማረችበት ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቃለች። በደል ደረሰባት ብሎ የሚመሰክር ጎረቤት አይገኝም። ነገር ግን በደል ሁልጊዜ በዱላና በረኀብ መልክ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው ለአንዷ የተደረገው ለሌላዋ ሳይደረግ በቀረበት ትንሽ ቦታ ላይ ነው።

ከክፍሏ ስትወጣ ሳሎኑ ተጠርጎ ነበር። ከግድግዳው ጋር የተጠጋው አሮጌ ቡፌ እንደ ወትሮው ተቆልፏል፤ በመስታወቱ ውስጥ አፋቸው ወርቅ ቅብ የሆነ ብርጭቆዎች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ለኤዶም ሽማግሌዎች የወጡት እነዚያ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ደግሞ በየቀኑ ውኃ የሚጠጣባቸው ናቸው፤ አንደኛው ከንፈሩ ላይ ተሸርፏል። ወይዘሮ አይናዲስ ጨርቅ ይዘው የሶፋውን ክንድ ይወለውሉ ነበር።

«ስትመለሺ ለስላሳ ያዢ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሳጥን ሙሉ አይሁን፤ ስድስት ጠርሙስ ይበቃል። ሥጋው በኪሎ ሺህ ብርን አልፎ፣ ዘይቱ እንዲህ ሆኖ ድግስ አይደገስም።»

«እሺ እትዬ። ብርጭቆዎቹን ከቡፌው ላውጣቸው?»

«ተያቸው። ለሦስት ሽማግሌ ብዬ ደርዘን ሙሉ አላጥብም።»

አቶ እሸቴ በሩ አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን ያስተካክሉ ነበር። ዓይናቸው ከዳናይት ዓይን ጋር ሊገጥም ሲል ወደ ኮፍያ መስቀያው ዞር አሉ፤ ወዲያውም «ዝናብ ይመጣ ይሆን?» ብለው ማንንም ሳይጠይቁ ጠየቁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ዳናይት ከእሪ በከንቱ ወጥታ ወደ ፒያሳ ስትዘልቅ ሁልጊዜ እንደሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ቦታው ግር አላት። መንገዱ ሰፍቷል፤ በልጅነቷ ደብተር የምትገዛባቸው ሱቆች የነበሩበት ሥፍራ ሣርና የመንገድ መብራት ተተክሎበታል። ከፈረሳው የተረፉት ቤቶች ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ታክሲ ተሳፍራ ስድስት ኪሎ ወረደችና አስቀድማ ወደ ፈቀደ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ሊያገባት ሽማግሌ የላከው ይህ ፈቀደ ነው። የተዋወቁትም ለተማሪዎቿ የምትሰጣቸውን መልመጃዎች እዚያ ስታባዛ ነበር።

«ቲቸር! ዛሬ ኮፒ በነፃ ነው» አለ ገና ስትገባ። «ሙሽራ አይከፍልም።»

«ማን ሰጠህና ነው ሙሽራ የምትለኝ?»

«በዘጠኝ ሰዓት ይሰጡኛል። እትዬ አይናዲስ በሰው በኩል ልከውልናል፤ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል ብለዋል። ቤተሰብሽ ዘመናዊ ነው፤ እኔስ ወደድኳቸው!»

ዳናይት ወረቀቶቹን ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከለች። «ቀጠሮ ቢሰጧችሁስ?» አለችው።

ፈቀደ ማሽኑን አቆመ። አባቱ በሕይወት ስለሌሉ የሽማግሌዎቹ መሪ አጎቱ አቶ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ በድሮው አትክልት ተራ በሽንኩርት ንግድ ተነሥተው ዛሬ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው፣ ቃላቸው የማይደገም ሰው። «እንዲህ ያለ ነገር አትጥሪብኝ» አለ። «አጎቴን አታውቂያቸውም። ዋጋ ተከራክሮ የወጣን ደንበኛ እንኳ ሁለተኛ አያናግሩም። ሥራ ፈትተው መጥተው ቢመልሷቸው፣ በዚያው ነው የሚቀሩት።» የተናገረው በቁጣ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ዳናይት ወረቀቶቿን ይዛ ወጣች።

የምታስተምርበት ክፍል ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለ ነው። ተማሪዎቿ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ናቸው። የዕለቱ ትምህርት ትይዩ አወቃቀር ይባላል፤ በተለይም የመግለጫ ቃላት ትይዩነት። በነጩ ሰሌዳ ላይ የጻፈችው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልጅቱ ትሑት፣ ታታሪና ምግብ ማብሰል ትወዳለች» የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መግለጫዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቅጽል ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ራሱን የቻለ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሆኖ መጥቷል። «ኤንድ» የምትለው ትንሽ ቃል ሚዛን ናት ስትል አስረዳች፤ በዚህ ወገን ቅጽል ካስቀመጣችሁ በዚያም ወገን ቅጽል አስቀምጡ፤ በዚህ ሐረግ ከሆነ በዚያም ሐረግ ይሁን። ከዚያ ወደ ሁለት ስሞች ተሻገረች። አንዱን ስም በመግለጫ አስጊጣችሁ ከጎኑ ያለውን ባዶውን ብትተዉት፣ ሕግ ጣሳችሁ ብሎ የሚከስሳችሁ ላይኖር ይችላል፤ አንባቢው ግን ሁለቱን እኩል አድርጎ አያያቸውም አለች።

ከፊት የተቀመጠችው መይሙና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ትርጉሙ እኮ ገብቶናል። ትሑት ናት፣ ታታሪ ናት፣ ማብሰል ትወዳለች። ሰው ከገባው ምኑ ነው ስሕተቱ?»

ዳናይት ሳትመልስ የሲን የተባለው ተማሪ ከኋላ ወንበር ቀደማት። «አንዱን ሚዜ በሱፍ፣ ሌላውን በቱታ ማሰለፍ ነዋ! ሁለቱም ሚዜ መሆናቸው ለሁሉም ገብቶታል። ፎቶው ላይ ግን ጉድ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዳናይትም ሳቀች። መልመጃውን እንዲሠሩ አዘዘቻቸውና በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያየች ቆመች። ወይዘሮ አይናዲስ እንደሚወዷት ለእርሷም ገብቷታል። አልጋዋን አንጥፈውላታል፤ በታመመች ጊዜ አብረዋት አድረዋል። ይህ ሁሉ ግን ሦስት ሰዎች ዛሬ ከቀትር በኋላ ገብተው በሚወጡበት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አይታይም። ለእነርሱ የሚታያቸው ተቸኩሎ የሚሰጣቸው መልስ ነው። ፈቀደም ሆነ አጎቱ፣ ነገም ሆነ ከዓመታት በኋላ በአንድ የጠብ ቀን፣ በአንድ ጉዞ የተገኘች ሚስት መሆኗን ያስታውሳሉ።

ትምህርቱ እንዳበቃ ወደ ቤት አልሄደችም። አቶ እሸቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በፊት የሚቀመጡበት ቡና ቤት ፒያሳ፣ ከፈረሳው በተረፈ አንድ ፎቅ ሥር ይገኛል። የእብነ በረድ ባንኮኒው በብዙ ሰው ክንድ ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። አቶ እሸቴ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ዳናይት ወደዚያ ቤት በሕይወቷ መጥታ አታውቅም፤ ሲያዩዋት ክፉ ነገር የደረሰ መስሏቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምን ሆነሽ ነው? አይናዲስን አመማት?»

«ሁሉም ደኅና ነው ጋሼ። አንድ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

ማኪያቶ አዘዙላት። ማኪያቶው እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ስለ ታክሲ ወረፋ፣ ቀጥሎም ስለ ኤዶም ልጅ ጉንፋን ተነጋገሩ። ብርጭቆው ፊቷ ሲቀመጥ ዳናይት ዓይኗን ከአረፋው ሳታነሣ ተናገረች።

«ዛሬ ሲመጡ እሺ አይበሏቸው።»

«ልጁን ጠላሽው?»

«አልጠላሁትም። እወደዋለሁ።»

«ታዲያስ?»

«የኤዶምን ሽማግሌዎች አመላልሰዋቸው ነበር።»

አቶ እሸቴ ስኳር ያልጨመሩበትን ቡና በማንኪያ ያማስሉ ጀመር። ባንኮኒው ላይ የነበሩት ሰዎች ስለ ኳስ ይጯጯሃሉ። አቶ እሸቴም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠዋት ሰማሽን» አሉ።

«ሰማሁ።»

«በክፋት እንዳይመስልሽ። ፈርታ ነው። የኤዶም ጊዜ፣ እነዚህ ቢቀሩ ሌላ ይመጣል አልን፤ ልባችን ሙሉ ነበር። ያንቺ ሲሆን ግን 'ወላጆቿ የሉም ብለው ንቀው ቢቀሩስ?' ትላለች። ሌሊት እንቅልፍ የላትም።» ማንኪያውን ሰሐኑ ላይ አስቀመጡ። «ደግሞስ እውነት ባይመለሱ? ያ ሽንኩርት ነጋዴ ግትር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ካልተመለሱ የምቀረው እኔ ነኝ» አለች ዳናይት። «እቀራለሁ። በአንድ ቃል ከምወጣ ብቀር ይሻለኛል።»

አቶ እሸቴ ጋዜጣቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሊያጥፉት ሲሉ የታጠፈ ሆኖ አገኙት። መልሰው ከተቱት። «ጠጪው» አሉ በመጨረሻ፤ «በረደብሽ።»

ለስላሳውን ይዛ ቤት ስትደርስ ኤዶም ለእገዛ መጥታ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ዳናይትን ስታይ በቢላዋዋ ጠቆመቻት። «አንቺ ዕድለኛ! እኔን ሦስት ጊዜ ሲያመላልሱብኝ ጨጓራዬ ነው የተላጠው። ያንቺ በአንድ ቀን እልቅ!» ከልቧ ነበር የተናገረችው፤ ክፋትም አልነበረበትም። ዳናይት ጠርሙሶቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደረችና ሽንኩርቱን ከእጇ ተቀበለቻት።

ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው ደረሱ። አቶ ተክለሃይማኖት ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው፤ የሥራ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ነበር የመጡት። ሁለቱ ተከታዮቻቸውም እንዲሁ ከየሱቃቸው ተነሥተው የመጡ ይመስላሉ። ወጉ እንደሚያዝዘው ዳናይት አልወጣችም፤ ከኤዶም ጋር ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆመች። ለኤዶም የሽምግልና ቀን በዚህ ሳሎን ውስጥ አጎቶች፣ የንስሐ አባትና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር። ዛሬ የተቀመጡት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ቀጥለውም የሚባለውን አሉ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው፣ የፈቀደን ሥራና ጠባይ በአጭሩ አወሱ። አነጋገራቸው ፈጣን ነበር፤ የተስማሙበትን ጭነት ለመረከብ የመጡ ያህል። እንደ ጨረሱም መቀመጫ ሊስቡ አንድ እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘረጉ።

አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ አይናዲስ ፈገግ ብለው ወደ ጠረጴዛው ብርጭቆዎች ተመለከቱ።

«ሰምተናል» አሉ አቶ እሸቴ። «እግዚአብሔር ያክብርልን። ነገሩ ግን የልጅ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አያልቅም። ከቤተ ዘመድ ጋር መመካከር አለብን። የዛሬ ሳምንት ብትመለሱ።»

ኤዶም ከመጋረጃው ጀርባ የዳናይትን ክንድ ጨመቀች። የአቶ ተክለሃይማኖት እጅ ወንበሩ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

«ይቅርታ» አሉ ሰውየው፤ ድምፃቸው ከበድ ብሎ ነበር። «እኛ የሰማነው ሌላ ነው። ወላጆቿ አርፈዋል፣ ብዙ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ነገሩ ቀላል ነው ተብለን ነው የመጣነው።»

ወይዘሮ አይናዲስ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጎተት አደረጉ። ነገሩ የወጣው ከእርሳቸው አፍ እንደሆነ ባለቤታቸው ያውቃሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ዳናይትም ታውቃለች። አቶ እሸቴ ግን ወደ ሚስታቸው አልዞሩም።

«የነገራችሁ ሰው ተሳስቷል» አሉ። «ወላጆቿ እዚሁ ተቀምጠናል።»

አቶ ተክለሃይማኖት ባልና ሚስቱን በየተራ አዩአቸው። ከዚያ ኮፍያቸውን ደፉና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው ወጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። እንመለሳለን አላሉም። አንመለስምም አላሉም። ስድስቱ ጠርሙሶች ሳይከፈቱ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቀሩ።

የግቢው በር እንደ ተዘጋ ወይዘሮ አይናዲስ «ባይመለሱስ?» አሉ። ቁጣ ይመስል ነበር፤ በእጃቸው ግን የተወለወለውን የሶፋ ክንድ መልሰው ይወለውሉ ነበር። «ባይመለሱስ፣ እሸቴ? የሰው ልጅ ዕድል ዘጋህ ብትባል መልስህ ምንድን ነው?»

«እኔ የሰው ልጅ ዕድል አልዘጋሁም» አሉ አቶ እሸቴ። «ለልጄ ቀጠሮ ሰጠሁ።» ጋዜጣቸውንም ዘርግተው ያነብቡ ጀመር፤ ወይም የሚያነብቡ መሰሉ።

ኤዶም ልጇ ታስነጥሳለች ብላ በጊዜ ሄደች። ዳናይት የተከተፈውን ሽንኩርት ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ቀስ ብላ አቁላላችው። ስልኳን ፊቷ አስቀምጣ ነበር። ፈቀደ ቢቆጣ የምትመልስለትን አዘጋጀች፤ ቢያለቅስ የምትመልስለትን አጣች፤ ጨርሶ ባይደውል ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቀው ነበርና አላሰበችውም። ሊመሻሽ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ምን አደረጋችሁን?» አለ ፈቀደ። «አጎቴን ከደጃችሁ ስመልሳቸው መኪና ውስጥ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ አለቀልኝ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሱቄ በር ላይ ወረዱና ሳይገቡ ቆሙ። 'ብቻዋን ናት ብለውን ነበር' አሉ፤ 'ለካ ልጅቱ ሰው አላት።' ምን ልበል? ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'ሱፌን ላውንደሪ አስገባልኝ፤ የዛሬ ሳምንት በጃኬት አልሄድም።'» ፈቀደ ሳቀ፤ ሳቁ ገና ከድንጋጤው አልተላቀቀም ነበር። «ዳኒ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ» አለች።

ሳሎን ስትገባ አቶ እሸቴ ጋዜጣቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው አንቀላፍተዋል። ወይዘሮ አይናዲስ መብራት ሳያበሩ ተቀምጠው ነበር።

«ማን ነው የደወለው?»

«ፈቀደ ነው እትዬ። ይመጣሉ።»

ወይዘሮ አይናዲስ ተነሥተው መብራቱን አበሩ፤ ከጡታቸው ሥር ካለው ኪስ ቁልፍ አውጥተው ቡፌውን ከፈቱ፤ ወርቅ ቅብ ብርጭቆ አንሥተው ወደ አምፖሉ ቀና አድርገው አዩት። «አቧራ ጠጥቷል» አሉ። አንዱን ለዳናይት አቀበሏት፤ ሁለተኛውን አቀበሏት፤ ሦስተኛውን ሲያቀብሏት እጃቸው እጇ ላይ ጥቂት ቆየ።

«ኤዶምን ደውዪና ንገሪያት፤ አጎቶቿን ለቅዳሜ ትጥራልኝ። የንስሐ አባታችን አባ ቃለጽድቅም ይምጡ። ስድስት ጠርሙስ አይበቃም፤ ሳጥን ይምጣ።» ጥቂት አሰብ አደረጉ። «የድግሱን በግ ግን አሁን አንገዛም። ቅዳሜም እንመልሳቸዋለንና፣ ለሦስተኛው ይሆናል።»